አመዳዩን ማን አየው?

ልጅ እያለሁ የተሸለምኳት የኮምፓስ ሳጥን እስከዚህ ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። ክዳኗ ዝጓል፤ ውስጧ መርፌ ቁልፍና ያለቀ እርሳስ ነበር። በቀደም አጠገቧ አንድ የጥሪ ደብዳቤ አስቀመጥኩ። «ሴቶችና ልጃገረዶች በሳይንስ ያካበቱትን ልምድ እንዲያካፍሉ ለማበረታታት» ደብረ ብርሃን ላይ በሚዘጋጅ መድረክ የክብር ተናጋሪ እንድሆን ይጠይቃል። እኔን፣ ባለ ጢሙን፣ ከወረቀት በቀር መርምሬ የማላውቀውን ሰውዬ! ሳጥኗንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን ሳያቸው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ሳጥኗ የእኔ አይደለችማ።

የአስካለ ናት። አስካለ ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ሰፈራችን ከደብረ ብርሃን ዳር፣ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። በጥቅምት ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ የኩበት ጭስ ከየጣሪያው ላይ አልነሣም ብሎ ይተኛል፤ ጣታችን ደብተር መያዝ እስኪያቅተው ይደነዝዛል። የእኛ የወንዶቹ ጨዋታ የረጋውን ውሃ ሰብሮ እንደ ከረሜላ መምጠጥ ነበር። አንድ ጠዋት በወንዙ አጠገብ፣ ከባቄላ ማሳ ዳር፣ በሳህን የረጋ በረዶ አገኘሁና ቆረጣጠምኩት። አስካለ ማስመሪያዋን ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

«አንተ ሆዳም! ሳልለካው በላኸው?»

ለካ ሦስት ሳህን ነበራት፤ አንዱ ከወንዙ ዳር፣ አንዱ ከቁልቁለቱ መሃል፣ አንዱ ከላይ ከተረተሩ። በየጠዋቱ የበረዶውን ውፍረት ትለካለች፤ ማታውን ሰማዩ ጠርቶ እንደሆነ ወይም ደመና ለብሶ እንደሆነ ትጽፋለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአባቷ ባቄላ በአበባው በውርጭ ተቃጥሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ «የእግዜር ቁጣ ነው» አሉ። እሷ ግን «ቁጣው ታዲያ ከላይ ያለውን ማሳ ለምን ዘለለው?» ብላ ጠየቀች፤ ጠይቃም አላበቃችም፣ ሳህኖቿን አስቀመጠች። ብርዱ እንደ ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድና ከታች እንደሚተኛ የደረሰችበት በዚያ ነው። አባቷ ሰምቷት በተከታዩ ክረምት ባቄላውን ተረተሩ ላይ ዘራ። ባቄላው ተረፈ።

የሳይንስ መምህራችን መምህር አበራ ደብተሯን አይተው እጅግ ተደሰቱ፤ ለትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር ይቅረብ አሉ። ከዚያ ደብተሩን ከእጇ ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ድምፅህ ጎላ ይላል፣ አንብበው። እሷ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ምን ትላለች?»

አስካለ እጇን አወጣች። «እኔ እላለሁ፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም እየሳቁ ተረቷን መዘዟት፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» እውነታቸውን ነው፣ በእኔ አለቀ። «ኧረ እሷ ታንብብ» የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። ድምፄ በመወደሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ የሚያንገበግበኝ ስርቆቱ የቀለለልኝ መንገድ ነው። አማርኛችን «አየህ»ን ከ«አየሽ»፣ «አየ»ን ከ«አየች» ይለያል፤ «አየሁ» ላይ ሲደርስ ግን ወንድም ሴትም የለውም። የአስካለ ደብተር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር «አየሁ፣ ለካሁ፣ ጻፍኩ» ነበር። አንዲት ፊደል ሳልነካ በውድድሩ መድረክ አነበብኩትና የእኔ ሆነ። የተደናቀፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። «እናቴ ‹በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?› አለችኝ» ይላል፤ እኔም እንዳለ ዘረገፍኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሁንስ ተያዝኩ ብዬ ጆሮዬ ጋለ። ከዳኞቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ግን ተቆጡልኝ፦ «ምን ያስቃችኋል? እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ አንቺ ትል የለም እንዴ? ቀጥል የኔ ልጅ።»

ቀጠልኩ። አንደኛ ወጣሁ።

አስካለ ከመስኮቱ ውጭ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሳጥኗን ተሸልሜ ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እናቴ ምን ትሠሪያለሽ ያለችው አንተን ነው?» አለችኝና ደብተሯን ከብብቴ መንጭቃ ሄደች። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች እዚያው አቅራቢያ ጫጫ ተዳረች፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቼ ብዙ ሰው የሚያነበኝ ሰው ሆንኩ።

ደብዳቤው እንደደረሰኝ ለአዘጋጁ ወጣት ደወልኩና ተናጋሪዋ አስካለ ትሁን አልኩት። «ጋሼ፣ ሐሳቡ መልካም ነው» አለ። «ግን ሴቶቻችን መድረክ ላይ ዓይን አፋር ናቸው። ማበረታታት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።» ዓይን አፋር! እጇን አውጥታ «እኔ እላለሁ» ያለችውን ልጅ በሳቅ ካስቀመጥናት በኋላ ለምን ዝም አለች ብለን ስብሰባ እንጠራለን፤ ውሃና ብስኩትም እናቀርባለን። እሷ ካልተናገረች እኔም አልመጣም አልኩት። «ባነሩ በፎቶዎ ታትሟል እኮ፣ ጋሼ።»

ሳጥኗን በኪሴ አድርጌ ጫጫ ወረድኩ። አስካለን ያገኘኋት ባቄላ ማሳዋ ዳር፣ ነጠላዋን አገልድማ ነው። ሳህኖቿ ዛሬም ሦስት ናቸው። ሳጥኗን ተቀብላ ከፈተቻት።

«ኮምፓሷስ?»

«ጠፋች።»

«አዬ፣ አንተና የሰው ዕቃ!»

ደብተሮቿን አወጣችልኝ፤ የብዙ ዓመት ናቸው፣ ጠርዛቸው በጭስ ጠቁሯል። እኔ ካነበብኩት ቀጥሎ ያለውን ገለጥኩ። ቀኑ ከውድድሩ ማግስት ነው። «እኔ አስካለ፣ ዛሬ ከወንዙ ዳር አመዳይ አየሁ» ይላል። ቀጥሎ ያለው መስመርም «እኔ አስካለ» ብሎ ይጀምራል። የመጨረሻውን ደብተር ከፈትኩ፤ የትናንቱም መስመር «እኔ አስካለ» ይላል። አንገቴን ደፋሁ።

ስለ መድረኩ፣ ስለ ወጣቱ፣ ስለ ባነሩም ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ያው የድሮው ነው።

«ፎቶህን ሰቅለውታል በለኛ።»

«ሰቅለውታል።»

«በል እንግዲህ፣ አንተ ዝም ብለህ ተሰቀል። እኔ እናገራለሁ።»

ያኔ እኔ ሳነብ እሷ ከመስኮት ውጭ ቆማ ነበር። መድረኩ ሐሙስ ነው፤ ደብተሮቿን ተሸክሜላት አዳራሹ በር ድረስ አደርሳታለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ ከመስኮቱ ውጭ ነኝ።