መስኩ አልተከፈተም

«ወላሂ፣ ሬሳዬን ሳትረግጡ አትገቡም!»

ዛሬ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ መስክ በር ላይ የመስኩ ጠባቂ እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙብን።

እኛ ባለጋሪዎች ፈረሶቻችን ከስተውብን፣ እንዲያገግም የተከለለውን ሣር ልናስግጥ ነበር የሄድነው።

ከዚያ የአባታቸውን ታሪክ ነገሩን።

በጣሊያን ጊዜ የጠላት በቅሎዎች ሜዳውን ሁሉ ጋጡት። ለአርበኞቹ ፈረሶች የቀረው አንድ ሸለቆ ብቻ ነበር። አባታቸው ግማሹን በእሾህ አጠሩት።

«ፈረስ እየራበው ሣር ይታጠራል?» ብለው አርበኞቹ ተቆጡ።

«ዛሬ ሥሩን ካስጋጣችሁት ከርሞ በእግራችሁ ነው የምትዋጉት» አሉና አባታቸው እምቢ አሉ። እሳቸውም የማሽላ አገዳ በጀርባቸው እየተሸከሙ ፈረሶቹን ቀለቡ።

ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ጉልበት ደረሰ፤ ያኔ አጥሩን ለፈረሶቹ ከፈቱላቸው። በኋላ ጣሊያን አሰሳ ሲወጣ፣ አርበኞቹ በጠገቡ ፈረሶች የደብረ ሲናን ዳገት ወጥተው አመለጡ። አንድም ሰው አልተያዘም።

እኛም ከበሩ ተመለስን። ሣሩ ዘሩን እስኪጥል መስኩ አይከፈትም፤ አገዳ በየተራ እናመጣለን ብለን ቆርጠናል።

(ፈረሴን ማንም አላማከረውም፤ አኩርፎኛል።)

እናንተ አገርስ መስኩን የሚያስከብረው ማን ነው? እስቲ አጫውቱን።