ከሚነድ ቤት ያልወጣን ዕለት

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ዛሬም በድንገት ይመጣብኛል፤ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ወጥቼ በአውቶቡሶቹ መካከል ሳልፍ ከአንዱ ሞተር ይሸተኝና እግሬ ይቆማል፣ ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው እዚያው ረሆቮት፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና አባባ የምላቸው አያቴ። በክረምት ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድበው እናቴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ትሰካ ነበር፣ አባባም ወንበራቸውን ከማሞቂያው አርቀው ጎንደር ስለተቃጠለው የልጅነት ቤታቸው ይነግሩኝ ነበር። ክዳኑ ሣር ነበር፤ ሁሉም ሮጦ ሲወጣ ታናሽ እህታቸው ፈርታ አልጋ ሥር ገባች፣ እዚያው ቀረች። «ቤት ሲነድ መውጣት ነው፤ የዘገየ አመድ ነው» ብለው ያበቁ ነበር። እኔም ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ከአልጋዬ እስከ ደረጃው ስንት እርምጃ እንደሆነ እቆጥር ነበር።

በጸደይ የብርቱካን አበባ ሰፈሩን ሲያውደው ፍርሃቱ ትንሽ ይለቀኝ ነበር። የታችኛው ጎረቤት ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቶ፣ ደረጃው ሥር አቁሞ ባትሪውን እዚያው መሙላት የጀመረውም በዚያ ሰሞን ነው።

በበጋው አንድ ሰንበት ጠዋት፣ ወላጆቼ ጸሎት ቤት ሄደው፣ አባባ እግራቸውን አሟቸው ከእኔ ጋር ቀርተው ሳለ፣ ከታች እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ደረጃው በጭስ ጠቁሯል፤ የብስክሌቱ ባትሪ ፈንድቶ ኖሯል። ሮጬ የእናቴን ስልክ ከመሳቢያ አወጣሁ። በሰንበት ስልክ መንካት በአባባ ፊት የማይታሰብ ነበር፤ ያን ቀን ግን አይተው ዝም አሉኝ፣ እሳቸውም እንደፈሩ የገባኝ ያኔ ነው።

የእሳት አጥፊዎቹን ስልክ ያነሳችው ሴት ድምፅ የረጋ ነበር። «በሩን እንዳትከፍቺ፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ድፈኚ፣ በረንዳ ላይ ሆናችሁ ጠብቁን፣ ቤሰደር፣ እሺ?» አለችኝ በዕብራይስጥ።

«አባባ፣ አይክፈቱ ትላለች።»

«ማን ናት?»

«የእሳት አጥፊዎቹ ናት።»

«እዚህ ናት?»

«አይ፣ ቢሮዋ ነው ያለችው።»

«እንግዲያ እሷ ምን ቸገራት። ጫማሽን አድርጊ።»

ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። አባባ በትራቸውን ሲፈልጉ ቆለፍኩት፣ ነቀልኩት፣ ሮጬ ከበረንዳው ወደ ታች ወረወርኩት።

አባባ አልጮሁም። «ምን አደረግሽ፣ ልጄ?» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ጭሱ በበሩ ሥር እንደ ውሃ መግባት ጀመረ። ቆመው አዩት፣ ከዚያ የሰንበት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ውሃ አርሰው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ክፍተቱን ደፈኑት። በረንዳው ላይ እጄን አጥብቀው ይዘው የእሳት አደጋ መኪናው ሳይረን እስኪሰማ ድረስ አልለቀቁኝም፤ እኔም አልጋ ሥር የገባችውን ልጅ እያሰብኩ፣ አባባን የገደልኳቸው መስሎኝ ቆምኩ።

እሳት አጥፊዎቹ እሳቱን አጥፍተው፣ በሩን ሰብረው ገቡ። ፊቱ ጥላሸት የለበሰ አንዱ «ቁልፍ የላችሁም?» አለኝ።

«ታች ነው።»

«ታች ምን ይሠራል?»

ደግፎን ሲያወርደን የሁለተኛው ፎቅ መብራት ሽፋን እንደ ሰም ቀልጦ ተንጠልጥሎ ነበር። «በዚህ ወርዳችሁ ቢሆን እዚህ ጋ ትቀሩ ነበር» አለ፣ እኔም ለአባባ ተረጎምኩላቸው። አባባ የጠቆረውን ግድግዳ በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ። «ተሳስተሽ ቢሆንስ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ለወላጆቼ ግን «ቁልፉን የጣልኩት እኔ ነኝ» አሏቸው፣ እስኪሞቱም ቃላቸውን አልለወጡም።

አሁን በጎረቤቷ ከተማ ነስ ጺዮና፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ ባለበት አዲስ ሕንፃ ውስጥ እኖራለሁ። ሰው የነገረኝን ሁለት ሦስት ጊዜ የምጠይቅበት ዕድሜ ላይም ደርሻለሁ። በስልክ ያናገረችኝ ያቺ ሴት ያንኑ ዛሬ ብትለኝ «እርግጠኛ ነሽ?» እላት ነበር፣ የአባባንም ነገር አመዛዝን ነበር፤ እኔ ሳመዛዝን እሳቸው በሩን ይከፍቱት ነበር።