ፊቷን ወደ በሩ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? የመጠለያው ኃላፊ ይህን የምትጠይቀው የድሮ ባልደረባዋ ለጉብኝት በመጣች ቁጥር ነው። ከባል ዱላ ለሸሹ ሴቶች ይህን ቤት የከፈቱት ሁለቱ ነበሩ፤ አንዷ የምክር ቤት አባል ሆና ወጣች፣ ሌላዋ አንሶላ ስታጥብ ቀረች። እንግዳዋ ስትገባ ሴቶቹ ሁሉ ብድግ ይላሉ። ለኃላፊዋ ማን ተነሥቶ ያውቃል? ቅናቱ ያንገበግባታል።

እንግዳዋ ዛሬም እንደ ድሮው ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። ያኔ ባሎች በሩን ገንጥለው ይገቡ ስለነበር ነው። አሁን ግን ደጁ ላይ ጠባቂዋ ቆሟል።

ስልኳ ጮኸ። ኃላፊዋ አየት አደረገችና፣ «ባልሽ ነው፤ አንሺለት እንጂ!» አለቻት።

«ስብሰባ ላይ ናት በይልኝ፣ እባክሽ።» ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ስልኩን አጠፋችው።

ኃላፊዋ በሆዷ ሳቀች። ሹመት ለካ ባልንም ደጅ ያስጠናል!

ሲመሻሽ እንግዳዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኅቴ፣ ዛሬ እዚሁ ልደር፤ መሬትም ቢሆን» አለች።

«ነገ ጋዜጣ ላይ ልትወጪበት? ሂጂ እባክሽ፣ ክብርት ሆይ! እዚህ የሚያድረው መሄጃ ያጣ ሰው ነው።»

እንግዳዋ «እውነትሽን ነው» ብላ ተነሣች።