ከጀርባ የተነሣሁት ፎቶ

የፋብሪካው ስፖርት ክለብ ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። ጎረቤቴ አመጣችልኝ። የሴቶች ጠረጴዛ ቴኒስ በሚለው ገጽ ላይ ሁለት ዋንጫ ተጠቅሷል። ሁለቱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስሜ ግን የለም።

በደርግ ጊዜ ለፋብሪካ ክለብ መሰለፍ የሚችለው ሠራተኛው ብቻ ነበር። እኔ የመጋላ ሰፈር ልጅ እንጂ የፋብሪካ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ ራኬት መያዝ የተማርኩት በቀበሌ አዳራሽ ነው። የአባቴ ሱቅ ከታሸገ በኋላ ቤቱ የኔን እጅ ያይ ነበር። የክለቡ አሰልጣኝ ስጫወት አይቶኝ፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ መታወቂያ ይዞልኝ መጣ። የየፋብሪካው አሰልጣኝ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር።

«ፎቶው እኔን አይመስልም» አልኩት።

«አቦ አታካብጂ! ሻሽ ያሰረች ሴት ሁሉ አንድ ናት።»

«ቃል የገባህልኝ ሥራስ?»

«ዋንጫውን አምጪ፣ ቅጥሩን ለኔ ተዪው።»

አመጣሁለት። በዓመቱም ደገምኩ። ሰው በሴትዮዋ ስም እየጠራኝ ሲጨፍርልኝ፣ ዞሬ እጄን ማውለብለብ ለምጄ ነበር።

ሁለተኛው ዋንጫ የመጣ ሰሞን በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ካድሬው ኮከቧን ተጫዋች ወደ መድረክ ጠራ። መታወቂያው የእሷ ነውና ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ወጣች። ሜዳሊያ አጠለቁላት፤ የክፍል ኃላፊም አደረጓት። ራኬት በየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ይህን ያውቃል። ሁሉም አጨበጨበላት።

አሰልጣኙ አጠገቤ ቆሞ «አጨብጭቢ እንጂ፣ ሰው እያየሽ ነው» አለኝ። አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ስለ ቅጥሩ ልጠይቀው ሄድኩ። ዐይኔን እንኳ አላየም።

«አንቺን በስምሽ ብንቀጥርሽ ሌሎቹ ፋብሪካዎች መልክሽን ያውቁታል፤ በሰው ስም መጫወትሽ ይጋለጣል። ዋንጫውን ይነጥቁናል፤ እኔም እታሰራለሁ። ምናለ እህቴ፣ እዚህ አካባቢ ባትታዪ?»

አልታየሁም። የሌላ ፋብሪካ ደጅ ብጠናም መልሱ አንድ ነበር፤ «አንቺ የእነዚያ ተጫዋች አይደለሽ?» እያሉ መለሱኝ።

አሰልጣኙ ሞቷል። ለቅሶው አልሄድኩም። ሴትዮዋ ግን አለች፤ ገበያ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።

መጽሐፉ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ከጀርባ ነው የተነሣሁት፣ ኳሷን ልመታ እጄን ሰንዝሬ። ከሥሩ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

«ይቺ እኔ ነኝ» አልኳት ጎረቤቴን።

መነጽሯን አድርጋ ስታይ ቆየችና «ወላሂ፣ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች» አለችኝ።