የመጋረጃው አርማ

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ በቲያትር ቤቱ መጋረጃ ላይ የአዲሱ አርማ ግራ ግማሽ ተሰፍቶ አልቆ ነበር፤ ቀኙ ግን በስፒል እንደተያዘ ነው። የመጋረጃ ሰፊዋ መቀስ መሰላሉ ላይ ተቀምጧል። እሷ አልመጣችም። ማታውን በእንቅልፏ አርፋለች።

ተዋንያኑ «እትዬ ጥርጥር» ይሏት ነበር። ወተት ሳታሸት አትገዛም፣ የቆለፈችውን በር ደግማ ትገፋለች፣ ሰው ሲያመሰግናት «ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች። እናም አዘጋጁ አዲስ ሎጎ እናሠራ ሲል ጆሮዋን ቀሰረች።

በቡድኑ ደንብ፣ የምትሰፋው ሰው እሺ ሳትል መጋረጃው አይነካም፤ ከፈይ ጨርቅ የመርፌ ቀዳዳ አይረሳምና። አሮጌውን አርማ፣ የሚስቀውን ጭንብል፣ አንዴ ከፈታችው መመለሻ የለውም። ያን ጭንብል ስትሰፋ ደግሞ የጨርቁን ጫፍ ይዞላት የነበረው ሟች ባሏ ነው።

አዲሱ አርማ ቢጫ ክብ ነው፤ መሃሉን ከላይ እስከ ታች ክፍተት ይከፍለዋል።

«ይኼ የባንክ ነው» አለች።

«ኧረ እትዬ፣ የራሳችን ነው» አለ ዲዛይነሩ።

«ክፍተቱስ? ሳትጨርሰው ነው ያመጣኸው ወይስ ለሌላ ሰው ሠርተህ የተረፈህ ነው?»

አዘጋጁ ሳቀ። «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ!»

«ሳቅ አንተ። የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም።»

ልቧ የጠረጠረው ሌላ ነበር፤ ጭንብሉን አውርደው ቤቱን የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርጉት ነው ብላ ነበር። ማዶ ያለው ሲኒማ ቤትም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ መጀመሪያ አርማው፣ ቀጥሎ ወንበሮቹ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ቢሆንም ሳታይ አትፈርድም። ጭንብሉን ግራና ቀኙን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችና የወረቀት ናሙናውን ሁለት ቁራጭ በላዩ አያይዛ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ክፈቱት!»

መጋረጃው በተከፈተ ቁጥር የጭንብሉ አፍንጫ ለሁለት ሲሰነጠቅ ስንት ዓመት አይታ ለምዳዋለች። ክቡ ግን አልተቀደደም። መጋረጃው የተከፈለው በክፍተቱ በኩል ነበር፤ ሁለቱ ግማሾች እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ክንድ ግራና ቀኝ ተዘረጉ።

«ማን ነገረህ?» አለችው ዲዛይነሩን።

«ማንም። ልጅ ሆኜ እዚህ ስመጣ፣ አፍንጫው ሲቀደድ አለቅስ ነበር።»

ወተት እንደምታሸት አድርጋ ቆይታ አየችው።

«ይሁን» አለች። «ብልጥ ነህ ግን። ዓይኔን ካንተ ላይ አላነሳም።»

ጭንብሉን ራሷ ፈታችው፤ ማንንም አላስነካችም። አጣጥፋም ወደ ቤቷ ወሰደችው። ከዚያ አዲሱን ጀመረች፤ የግራውን ስትጨርስ ክሩ አለቀ።

ሐምሌ ስምንት ከሰዓት በኋላ ክር መሸጫው ሄደች። ባለሱቁ ያወጣላትን ቢጫ አላመነችውም። «ያው አንድ ነው፣ እናቴ» ቢላትም ደጅ ይዛው ወጣች፤ እጅጌዋ ላይ ከሰካችው የፊተኛው ክር ቁራጭ ጋር በፀሐይ አስተያየችው። አንድ አልነበረም። መለሰችለት፣ ሁለተኛውንም መለሰች። ሦስተኛው ሲገጥምላት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቲያትር ቤቱ ድረስ ሄዳ ለዘበኛው «ነገ እሰፋበታለሁ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ብላ ሰጠችው፤ ከወጣች በኋላም ተመልሳ በሩን ገፋ አድርጋ አየችው።