እየተደናቀፉ ማንበብ

የልጅ ልጄን ስልክ ስቀበላት እጄን ሞቀኝ። ልጄ ትላንት፣ «አባዬ፣ ይህ ስልክ አበላሻት፤ ይንጠቁልኝና መጽሐፍ ያስይዙልኝ» ብሎኝ ነበር። ሙቀቱ ግን ወደ ሌላ ዘመን ወሰደኝ፤ አሶሳ አካባቢ በሰፈርንበት መንደር፣ እህቴ ኃይላቸው እንዲታደስ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸው ወደነበሩት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋዮች።

ሬዲዮው ቀይ ይመስለኛል፤ በቀለሙ አልምልም። የትምህርት ፕሮግራም በተላለፈ ቁጥር እህቴ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ መስመሩን በዓይኗ ትከተል ነበር። ማንበብን የለመደችው በዚህ መንገድ ነው፤ ድምፅዋም ከአስተማሪዎቻችን ይልቅ የጠራ ነበር።

የመንደሩ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። አባታችን አሶሳ ከተማ አስቀምጦ ማስተማር የሚችለው አንዳችንን ብቻ በመሆኑ፣ «አሳምሮ ያነበበ ይሄዳል» ሲል ፈረደ። እርሱ ራሱ ፊደል አልቆጠረም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቶች ማንጎው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። መሬት ላይ የፈረጠው ማንጎ ይሸታል፤ ዝንቡ ይጮኻል። እኔ ፊደሉን በጣቴ እየለቀምሁ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ እየተደናቀፍሁ አነበብሁ። እህቴ ተከተለች፤ ሳትቆም፣ አልፎ አልፎም ቀና እያለች፣ ያንኑ ገጽ አንቆረቆረችው።

አባታችን ሳቀ። «ይቺማ ከሬዲዮው ሸምድዳ ነው! ልጁን ግን ሲታገል አይታችኋል፤ ፊደሉን ነው የሚያነብ።»

«አባባ፣ እንግዲያው ሌላ ገጽ ይግለጡልኝ።»

«ብገልጥስ በምን አውቅልሻለሁ?»

«አንተስ ሬዲዮ ነው የወለድህ!» አለ አንዱ ጎረቤት፤ «በል ድንጋይ ግዛላት!» ጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

«በትክክል አንብባለች» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ይሁንና ትዝታ ለባለቤቱ ስለሚያዳላ አልተማመንበትም።

በመኸሩ ለባምባሲ ሰው ተዳረች። ሬዲዮውን ይዛ ለመሄድ ብትለምን፣ «ባልሽን ስሚ» ተባለች።

የልጅ ልጄ አሁንም በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ትጠብቃለች። ምን ታዳምጥበት እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ለእረፍት ስመለስ፣ ለእህቴ መጽሐፍ ይዤላት ሄድሁ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ።

«እስቲ አንድ መስመር» አልኋት።

ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ እየለቀመች፣ እየተደናቀፈች አነበበች። ከዚያም ቀና ብላ፣ «እንዲህ ነው አይደል የሚነበበው፣ ወንድሜ?» አለችኝ።

በእርግጥ ረስታው እንደሆነ ወይም እየቀጣችኝ እንደሆነ ፊቷ ላይ ፈልጌ አጣሁት። እርሷም ወጡ እንዳያርርባት ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም፤ ባለፈው ክረምት ቀበርናት።