ሥሩ ፀሐይ የሚሞቅ አበባ

ባለፈው ዓርብ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ስወጣ አንድ አበባ ሻጭ እዚህ ኢሩስ የሚሉትን ወይን ጠጅ አበባ በባልዲ ደርድሮ አየሁ። ለሰንበት ልገዛ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ልቤ እምቢ አለኝ። ከኢትዮጵያ በመጣን በጥቂት ዓመት ውስጥ ወዳወቅነው የክፋር ግቢሮል ሰፈር ጓሮ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሠዓሊዋ ሩት ቤት ይዞኝ ሄደ።

ሩት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ ከጣታቸው፣ ከቀሚሳቸው፣ አንዳንዴም ከድመታቸው ላይ ቀለም አይጠፋም። ጓሯቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ኢሩስ ነበር፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሲፈነዳ የእርጥብ አፈርና የቀለማቸው የተልባ ዘይት ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ደረጃችን ይደርሳል። አንድ ቀን የጥንት ፈርዖን ከዘመቻ ሲመለስ ይህን አበባ ከነሥሩ አስነቅሎ ወስዶ በቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ እንዳስቀረጸው ነገሩን። እኔ ስተረጉምላቸው አባቴ፣ ከፈርዖን የተረፈ አበባ በእኔ እጅ አይሞትም ብለው ሳቁ።

አባቴ ጎንደር ሳሉ ገበሬ ነበሩ፤ እዚህ ፋብሪካ ሲውሉ እጃቸው አፈር ይናፍቀው ነበር። የአንዲት አሮጊት ጓሮ በአረም ሲዋጥ ዝም ብሎ ማየት ደግሞ ለእሳቸው ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት የስግድ በዓል ባለፈ ሰሞን ዶማቸውን ይዘው ገቡ። የኢሩሱ ሥር እንደ ዝንጅብል ተጠማዝዞ ጀርባውን ከአፈር በላይ አውጥቶ ቢያዩት አዘኑለት፤ ልክ እንደ ድንች ኮትኩተው፣ አፈር አልብሰው፣ ደህና አድርገው ጠቅጥቀው ወጡ።

በዚያ ዓመት የሩት ዓይን እየደከመ ነበር። ፈጽሞ ሳይጨልም ኢሩሳቸውን አንድ ጊዜ ሊሥሉ ሸራ ወጥረው ይጠብቁ ነበር። ቅጠሉ ለመለመ፤ አበባ ግን የለም። አፈሩን እንዳይገፉት ጎንበስ የሚሉበት ወገብ አልነበራቸውም። እኔን ጠርተው፣ ሥሩ ፀሐይ ካልሞቀ እንደማያብብ በቀስታ አስረዱኝና፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ለእኔ ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ! በጣም አምሯል በያቸው» አሉኝ።

አልኳቸው። አባቴ በምስጋናው ልባቸው ሞቀና በሚቀጥለው ዓመት አፈሩን እጥፍ አደረጉት።

በዚያም ፀደይ አላበበም። የሩት ዓይን ጠፋ፤ ልጃቸው መጥታ መዝከረት ባትያ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። ሸራው እንደ ነጣ ከዕቃው ጋር ሲጫን በረንዳችን ላይ ቆሜ አየሁ። ጓሮው ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። የተልባ ዘይቱ ሽታ እንኳ እየራቀኝ ሄዷል፤ ያ ነጭ ሸራ ግን ከዓይኔ አይጠፋም።

አባቴ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። በዚያው ዓርብ ማታ ቤታቸው ተቀምጠን የሩትን ስም አነሳሁባቸው።

«ደግ ሴት ነበሩ። ሥራዬን ሁሌ ቤሰደር፣ ደህና ነው ይሉልኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «አበባው እምቢ ያለው ግን አፈር አንሶት ይሆናል። ትንሽ መጨመር ነበረብኝ» አሉ።

«ይሆናል፣ አባዬ» አልኳቸው።